ጽድቅ

በእስራኤል፣ በርሖቦት ከተማ ኦሺዮት ሰፈር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «ጸዳቃ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ያውቀዋል፤ ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ከግእዙ «ጽድቅ» ጋር ሥረ ቃሉ አንድ ነው። በግእዝ ጽድቅ እውነትም ነው፣ ቅንነትም። እኛ ግን አጥብበነው በጾምና በስግደት ብቻ የሚጠራቀም ዋጋ አስመስለነዋል። ገበሬው ይሻላል፤ የተከለው ችግኝ ሥር ሰዶ ሲይዝለት «ጸደቀ» ይላል።

ጾም ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ኢሳይያስ ግን በምዕራፍ 58 እየጾሙ ሠራተኛ የሚያስጨንቁትን ይወቅሳል፤ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራ መቁረስ እንደሆነ ይናገራል። ጌታችንም በማቴዎስ 23 ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ገሥጿል። ዐሥራቱን ተዉ አላለም። ይህ ተግሣጽ የፈሪሳውያን ብቻ የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል፤ ዓርብን ከወተት ተከልክሎ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያቆይ ክርስቲያንን በቀጥታ ይመለከተዋል። ኦሪት ዘዳግም 24 የምንደኛው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዛል፤ እዚያው ላይ የድኻውን የመያዣ ልብስ ለሌሊቱ መመለስን በዕብራይስጡ «ጸዳቃ» ብሎ ይጠራዋል።