የክራንቻው ባለቤት

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ የመርሐ ቤቴ ልጅ ከአያቱ የሰማውን ተረት ጽፎ አመጣልኝ። አያትየው እንዳሉት፣ ከመንደራቸው በታች ያለው ገደል በየክረምቱ ሲናድ ድንጋይ የሆነ አጥንት ይወጣበታል፤ አጥንቱም ከሰው ልጅ በፊት የነበረ፣ እግዜር ተቆጥቶ ያጠፋው አውሬ ነው። ልጁ ከተረቱ ሥር «አያቴ አጥንቱን በዓይናቸው አይተውታል» ብሎ ጨመረበት። እኔ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ተረትና ታሪክ አይቀላቀል» ብዬ ማርክ ቀነስኩበት። ምንም አላለኝም። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ይህን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ አንድ የድንጋይ ላይ ሥዕል ነው። ወደ ሥዕሉ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ አገሩ ልንገራችሁ።

ካሩ ይባላል። የደቡብ አፍሪካን ሰፊ ክፍል የያዘ፣ ዛሬ በግ የሚረባበት ደረቅ ምድር ነው። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን ትልልቅ ወንዞች የሚፈስሱበት ሜዳ ነበር። ወንዞቹ በሞሉ ቁጥር ጭቃቸውን ሜዳው ላይ ያነጥፋሉ፤ ጭቃው በሜዳው ላይ የሞተውን እንስሳ ይቀብራል። ጭቃ በጭቃ ላይ እየተጫነ ድንጋይ ሆነ። ዛሬ ዝናብና ነፋስ ያንን የጭቃ ድንጋይ ሲልጠው አጥንቱ ብቅ ይላል።

ከነዚህ እንስሳት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዳይኖሰር ከመታየቱ በፊት የኖሩ ናቸው። መልካቸው እንሽላሊት ቢመስልም በዝምድና ለላምና ለውሻ፣ ለእኔና ለእናንተም ይቀርባሉ። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በመካከለኛው ጆሯችን ውስጥ ካሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ሁለቱ፣ በነዚህ እንስሳት አፍ ውስጥ የመንጋጋ መጋጠሚያ ነበሩ። ከዘመን ወደ ዘመን እያነሱ ሲሄዱ የካሩ የራስ ቅሎች ላይ ይታያል። ድሮ ይታኘክባቸው የነበሩት አጥንቶች ዛሬ ይሰማባቸዋል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ብናገረው ተማሪዎቼ ቅኔ ነው ይሉኝ ነበር።

በመዝገብ የሰፈረው የግኝቱ ታሪክ እንዲህ ይጀምራል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1838 አንድሩ ጌዴስ ቤይን የተባለ ስኮትላንዳዊ መንገድ ሠሪ፣ ፎርት ቦፎርት አካባቢ ሁለት ክራንቻ ያለው የራስ ቅል አገኘ። ግኝቶቹን ወደ ለንደን ላከ። እዚያ ሪቻርድ ኦወን፣ ያው «ዳይኖሰር» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው፣ በ1845 ዳይሲኖዶን ብሎ ሰየመው፤ ከግሪክ የተወሰደ ነው፣ «ሁለት የውሻ ጥርስ» እንደ ማለት። ያገኘው ቤይን፣ የሰየመው ኦወን። መዝገቡ ተዘጋ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። በፍሪ ስቴት ግዛት፣ ላ ቤል ፍራንስ በሚባል የእርሻ ቦታ፣ የሳን ሕዝብ ካሠፈራቸው ሥዕሎች መካከል አካሉ ረዘም ያለ፣ ሁለት ክራንቻው ወደ ታች የተንጠለጠለ እንስሳ አለ። እንዲህ ያለ እንስሳ ዛሬ በአፍሪካ የለም። ክራንቻው ዋልረስን ይመስላል፤ ዋልረስ ግን የሰሜን ዋልታ እንስሳ ነው፣ ፍሪ ስቴት ምን ሊሠራ ይመጣል? ሥዕሉ ከ1821 እስከ 1835 ባለው ጊዜ እንደተሣለ ይገመታል። ጁሊየን ቤኗ የተባለ ተመራማሪ በ2024 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሠዓሊው በዚያው አካባቢ ከመሬት የሚወጣውን የዳይሲኖዶን አጥንት አይቶ ሊሆን ይችላል ይላል። ይህ እውነት ከሆነ ሥዕሉ ኦወንን ቢያንስ በ10 ዓመት ይቀድመዋል።

ግምት ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም። ሳኖች የዝናብ እንስሳ የሚሉት የመንፈስ ፍጡር ስላላቸው ሥዕሉ እርሱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤኗ ግን ሁለቱን አያጣላቸውም፤ ለዝናቡ እንስሳ መልክ ያዋሰው አጥንቱ ቢሆንስ ባይ ነው። እኔም ወደዚሁ አደላለሁ። ሰው ተረቱን የሚሠራው ካየው ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ አልነበረም?

ቁርጡን ለማወቅ ሠዓሊውን ወይም ልጆቹን መጠየቅ ነበር። አይቻልም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጭ ሰፋሪዎች ታጣቂ ቡድኖች ሳኖችን እንደ አውሬ አደኗቸው፤ ልጆቻቸውን ለእርሻ ሥራ ወሰዱ። የሥዕሉ ባለቤት ስም በየትም መዝገብ የለም። የእርሻውን ስም ግን፣ እንደምታዩት፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሙገር ሲባል እኛን የሚታወሰን ሲሚንቶ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች ግን «የሙገር የጭቃ ድንጋይ» የሚሉት ንጣፍ አለ፤ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ ዓባይና ገባሮቹ በሰነጠቋቸው ገደሎች ውስጥ የሚታይ። በ2007 ከዚያ ንጣፍ የተገኘ የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ለሳይንስ ቀረበ፤ ዕድሜው ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በኢትዮጵያ ከዚያ ዘመን ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ቤት ያሉኝን አሮጌ ካርቶኖች አወረድኳቸው። የፈተና ጥያቄዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የራሴ ያልታተሙ ግጥሞች (ደግ አደረጉ አለመታተማቸው) ሁሉም አሉ። የልጁ ወረቀት የለም፤ ለካ መልሼለት ነበር። የገደሉ ስም እዚያ ላይ ተጽፏል።