የባል ኮት፣ የሚስት ጃኬት

ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ሰፊ ኮት ይዞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ «አጥብብልኝ» ያላለ እጁን ያውጣ! አብዛኞቻችን ብለናል። እንግሊዝ አገር ግን ይኸው ነገር በአንድ ወቅት የመንግሥት ዘመቻ ሆኖ ነበር።

ቀኑ እሑድ፣ ጁን 1 ቀን 1941 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ ፋብሪካው ለወታደር ይሰፋል። መንግሥት ልብስ በኩፖን መሆኑን ያወጀው በድንገት ነበር። ሕዝቡ ተሻምቶ ሱቁን ባዶ እንዳያደርገው ነገሩ በምስጢር ተይዞ ስለቆየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ልብስ የገዛው በቀለብ ደብተሩ ላይ በተረፈው የማርጋሪን ኩፖን ነው። ለአንድ አዋቂ ለዓመት 66 ኩፖን ተመደበ። የወንድ ጃኬት 13፣ የሴት የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን ይበላል። ዋጋው ደግሞ ለብቻ ይከፈላል! ኩፖኑም በኋላ ቀነሰ።

ታዲያ በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ተሰቅሏል? የዘማቹ ባል ሙሉ ልብስ። እሱ ዩኒፎርም ለብሷል፤ ኮቱ ሥራ ፈቷል። በ1943 የንግድ ሚኒስቴሩ ባሳተመው የቁጠባ መመሪያ ሴቶች የወንድ ልብስ ቆርጠው ለራሳቸው እንዲሰፉ ተመከሩ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ከጦርነቱ በኋላ እንደማይፈልገው እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ተባለ። እስቲ ይህቺን ምክር ደግማችሁ አስቧት። መቀሱን ያነሳችው ሴት የምትቆርጠው ጨርቅ ብቻ ነው?

ሥራው ራሱ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ስፌቱ ይተረተራል፤ ገበሩ ይወጣል። ፀሐይ ያገረጣው የጨርቁ ፊት ወደ ውስጥ፣ ያልነጣው ጀርባው ወደ ውጭ ይገለበጣል። ከዚያ የሴት ጃኬት ፓተርን ላዩ ላይ ይዘረጋል። ትከሻው ይጠባል፤ ወገቡ ይገባል፤ የወንድ ኮት የማያውቀው የደረት እጥፋት ይሰፋል። አሮጌው ኪስ ካለበት ቦታ ላይ ፓተርኑ እንዳያርፍ መሸሽም አለ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፦ የወንድ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ በግራ፣ የሴት በቀኝ ነው። ጨርቁ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ የባልየው ቀዳዳ ራሱ በሴቷ በኩል ይመጣል!

ሹራብ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። ካርዲጋን፣ ያ ከፊት የሚቆለፈው ሹራብ፣ ስሙን ያገኘው በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ፈረሰኛ ካዘመተው እንግሊዛዊ መስፍን ከካርዲጋን ነው። ክርኑ ያለቀ ሹራብ ይተረተራል፤ ክሩ ተጠቅልሎ ይታጠባል፤ ጥምዝምዙ እንዲለቅ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይሠራል። እዚህ መቀስ የለም። ልኩን የሚለውጠው በአንድ ረድፍ ላይ የሚቆጠረው የቀለበት ብዛት ነው፤ ለሰፋ ደረት ይጨመራል፣ ለጠበበ ይቀነሳል። ክሩ ካልበቃ ከሌላ አሮጌ ሹራብ የወጣ ሌላ ቀለም ይገባና ባለመስመር ካርዲጋን ይሆናል። ዛሬ «ዲዛይን» የምንለው ያኔ የክር እጥረት ነበር።

ጦርነቱ በ1945 አለቀ። መንግሥት ለተሰናበተው ወታደር በነፃ ሙሉ ልብስ ሰጠው። ይህ በጅምላ የተሰፋ ልብስ ለብዙዎች አልሆን ብሎ የቀልድ መነሻ ሆኖ ቀርቷል፤ እጅጌው ወይ ይረዝማል፣ ወይ ያጥራል። የልብስ ኩፖን እስከ 1949 ድረስ ስለቀጠለ ሄዶ አዲስ መግዛትም እንደልብ አልነበረም።

እና ወደ ቤቱ ሲመለስ? የድሮ ኮቱ ሚስቱ ላይ ነው። ልክክ ብሏል።