ሥርዓተ ፆታ በልማት እርዳታ፦ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማስረጃነት

በልማት እርዳታ ሥርዓተ ፆታን ማካተት ማለት አንድ ፕሮጀክት ከእቅዱ እስከ ግምገማው ድረስ በሴቶችና በወንዶች ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለይቶ እያዩ መሥራት ነው። አሠራሩ በ1995 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ በተካሄደው አራተኛው የዓለም ሴቶች ጉባኤ የመንግሥታት የጋራ አቋም ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ልምድ እንደሚያሳየው ግን ማካተቱ የራሱ በጀትና ተጠያቂ አካል ካልተመደበለት ከሰነድ አያልፍም።

ለዚህ ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ እስከ ሽሮ ሜዳ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት ሴቶች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ተራራ በማገዶ ፍለጋ በመራቆቱ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በውጭ እርዳታ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተጨማሪ የማገዶ ደን ለማ። የደን ልማቱ ትኩረት ዛፉ ላይ ነበር። ማገዶውን ተሸክማ ገበያ የምታደርሰው ሴት ግን በደን ጠባቂዎች ዘንድ እንደ ሕገወጥ ትታይ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በዚያው ዘመን ማብቂያ ሸክሙን፣ ጤናቸውን፣ ገቢያቸውንና ከጠባቂዎች ጋር ያለውን ግጭት አስጠንቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ጥናቱን አወጣ። ከዚህ ሥራ በኋላ ሸክሙን የተዉ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በሽመና መተዳደር ጀመሩ። ችግሩ ለዓመታት በሁሉም ዓይን ፊት የነበረ ነው፤ መፍትሔ የተጀመረው ግን ሴቶቹን ዋና ጉዳዩ ያደረገ ሥራ ሲመጣ ነው።

የዓለም አቀፉ የገንዘብ አመዳደብም ይህንኑ ክፍተት ያሳያል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) የለጋሾችን ፕሮጀክቶች በሦስት ደረጃ ይመድባል፦ እኩልነት ዓላማቸው ያልሆነ፣ ከዓላማቸው አንዱ የሆነና ዋና ዓላማቸው የሆነ። በ2020 እና 2021 እ.ኤ.አ. ከአባል አገሮች የሁለትዮሽ እርዳታ 44 በመቶ ያህሉ እኩልነትን በዓላማነት ይዟል፤ ዋና ዓላማው ያደረገው ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሰፊው ድርሻ እኩልነትን ከሌሎች ዓላማዎች ጋር ደርቦ የያዘ ስለሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ተደራቢ ዓላማ ሊሆን ይችላል።

ለሴቶች የተለየ በጀት መመደብ ጉዳዩን ከዋናው ልማት ነጥሎ ጥግ ያስይዘዋል የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነትነት አለው፤ መልሱ ግን ሁለቱን ማጣመር ነው። የደን ፕሮጀክት ሴቶቹን ማየት አለበት፤ አማራጭ መተዳደሪያቸው ደግሞ የራሱ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሌሎች ጉዳዩን የለጋሾች አጀንዳ ያደርጉታል። የኢትዮጵያ የሴቶች ፖሊሲ ግን በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ከቤጂንግ ጉባኤ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወጥቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም ሴቶች ካለፈው የበታችነት ውርስ እንዲላቀቁ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። በውጭ ገንዘብ ብቻ መንጠልጠል አደገኛ ነው የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ ሲያግድ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አገልግሎቱን ለመቀነስ ተገዷል፤ አዋጁ የተተካው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ የውጭ እርዳታ ሥራውን ማስጀመር ይችላል፤ የሚያጸናው ግን የአገር በጀት ነው። የአንድ ፕሮጀክት ስኬትም በሰነዱ ውስጥ ሴቶች በተጠቀሱበት ብዛት ሳይሆን፣ ከሸክም ወጥተው በቋሚ ገቢ በሚተዳደሩት ሴቶች ቁጥር ሊለካ ይገባል።