«ግሩሚንግ»፦ የጠጕር ክብካቤ

በባሕር ማዶ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን አፍ አዘውትሮ የሚሰማው «ግሩሚንግ» የሚለው ቃል፣ የእንስሳን ጠጕር ማበጠርን፣ ገላ ማጠብን፣ መከርከምንና ጥፍር መቍረጥን በአንድነት የሚያጠቃልል ሲኾን፣ እኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የታወቀ ግስ እያለን ለጠቅላላው ስም ስላላበጀንለት፣ አንዳንዱ «ማስዋብ»፣ አንዳንዱም «መሸለት» እያለ ይተረጕመዋል። ኹለቱም አያደርሱም። መሸለት፣ በጎቹን ሊሸልት ወደ ተምና የወጣው የኦሪቱ ይሁዳም የመንዝ ባላገርም የሚያውቁት፣ ጠጕሩን ለሰው ጥቅም የሚወስድ ሥራ ነው፤ ማስዋብም ጌጥን እንጂ ግዴታን አያመለክትም። ስለዚህ «የጠጕር ክብካቤ» ማለትን መርጫለሁ፤ «ከብካብ» በግእዝ ሰርግ መኾኑን የሚያስታውስ ሊቅ፣ ውሻው ሊዳር ነውን ብሎ ፈገግ ቢል አልቀየምም።

ይህ ክብካቤ ለኹሉም ውሻ እኩል አያሻም። በአርሲ ሁሩታ አጥር የሚጠብቀው ውሻ አጭር ጠጕር ያለው ነው፤ ያረጀው በጊዜው ይረግፋል፣ አዲሱ ይተካል፣ ባለቤቱም መቀስ አያነሣለትም። ፑድል ግን፣ በጥይት ተመትቶ ውኃ ላይ የወደቀውን ወፍ እየዋኘ ያመጣ የነበረው የአዳኞች ውሻ፣ ጠጕሩ ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ጌቶቹም ዋና እንዲቀለው ገላውን ላጭተው፣ ደረቱንና አንጓዎቹን ብርድ እንዳይመታቸው ሸፍነው ይተዉለት ነበርና፣ ዛሬ ቅብጠት የሚመስለን አቈራረጥ መነሻው ይህ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ፣ ባሏን የውሻ ጠጕር የማይስማማው አንዲት የሃዋይ ዐይነ ስውር መሪ ውሻ ብትሻ፣ ዋሊ ኮንሮን የተባለ አውስትራሊያዊ አርቢ ፑድልን ከላብራዶር አዳቅሎ ዘሩን «ላብራዱድል» አለው፤ ኋላም በሥራው መጸጸቱን ራሱ በአደባባይ ተናገረ። እንዲህ ያሉት የፑድል ድቅሎች ኹሉ ዛሬ በጅምላ «ዱድል» ይባላሉ።

የዱድል መከራ ከውርሱ ይመጣል። ከፑድል ማደጉን የማያቋርጥ ጥቅልል ጠጕርን፣ ከሌላው ወላጅ ደግሞ የሚረግፍ የውስጥ ጠጕርን ሲወርስ፣ የረገፈው መሬት ሳይደርስ በጥቅልሉ ይያዝና ከቆዳው አጠገብ ይጋገራል፤ ይህም በተለይ ከጆሮ ኋላ፣ በብብትና በአንገት ማሰሪያው ሥር ይበረታል። ብዙ ባለቤቶች ላይ ላዩን ያበጥሩና ለስልሷል ብለው ይተዉታል፤ የተጋገረው ግን ከታች ነው። ስለዚህ ጠጕሩን በእጅ እየከፈሉ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በረድፍ በረድፍ ማበጠር፣ ከዚያም የብረት ማበጠሪያ ሳይሰናከል ቆዳ መድረሱን ማረጋገጥ ይገባል። የተጋገረውን ሳይፈቱ ማጠብ ከኹሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ውኃ ያገኘ ቋጠሮ ሲደርቅ ይብሱን ይጠብቃልና። አንዴ ቆዳው ድረስ ከተጋገረ መጐተቱ ጭካኔ ነው፤ መቀስም ከቋጠሮው ጋራ ብድግ ያለውን ቆዳ ሊቈርጥ ይችላል፤ የሚቀረው በቶንዶስ አሳጥሮ መላጨት ብቻ ነው። ውሻዬን መላጣ አደረግኸው ብሎ የጠጕር ክብካቤ ሠራተኛውን የሚወቅስ ጌታ፣ በእኔ ፍርድ፣ የራሱን ስንፍና ነው የሚከሰው።

እንዲህ ያለ ውሻ ወደ ሁሩታ ቢመጣ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ጠጕሩን አስረዝሞ ማቈየት አይመከርም። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ለቋጠሮ መነሻ ይኾናል፤ ከእህሉ ዛላ ጫፍ የሚወጣው ሹል ጢም ደግሞ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይሄድ ስለ ኾነ፣ በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ገብቶ ሥጋ ይወጋል፣ ያመግላልም። አጨዳ በደረሰ ጊዜ የእግሩንና የጆሮውን ጠጕር ማሳጠር፣ ማታ ማታም ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ መመልከት ያስፈልጋል።