የአባት መቃብር የተነፈገ ሕዝብ

ውድ የዕድራችን አባሎች፥ ወገን መሀል የመቀበርን ነገር ለእኛ ማስረዳት አያሻም። ይህን የተነፈገ አንድ ሕዝብ ግን አለ፤ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የቻጎስ ደሴቶች ተወላጅ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አያቶቹ ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር በባርነት ተወስደው ኮኮናት ሲያለሙ የኖሩ ናቸው። በ1965 እንግሊዝ ደሴቶቹን ከሞሪሸስ ቆርጣ ወሰደች፤ ዲዬጎ ጋርሲያንም ለአሜሪካ ጦር ሠፈር ሰጠች። ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ከ1,500 የማያንስ ሰው በመርከብ እየተጫነ ሞሪሸስና ሲሸልስ ላይ ተራገፈ። እንኳን ሰው ውሾቻቸውም አልቀሩ፤ በጋዝ ተገደሉ።

በ2000 የለንደን ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በ2004 መንግሥት በንግሥቲቱ ትእዛዝ ከለከላቸው፤ በ2008 የመጨረሻዎቹ ዳኞች 3 ለ 2 ክልከላውን አጸኑት። በመሀሉ፣ በ2006፣ መቶ የሚያህሉ ሰዎች ለጥቂት ቀን ተፈቅዶላቸው የወላጆቻቸውን መቃብር አጽድተው ተመለሱ።

በ2025 እንግሊዝና ሞሪሸስ የፈረሙት ውል በሌሎቹ ደሴቶች ማስፈርን ሲፈቅድ፣ ዲዬጎ ጋርሲያን ግን ለ99 ዓመት ለጦር ሠፈሩ ያቆያታል። ስለዚህ የዚያች ደሴት ልጅ በውሉ መሠረት ጎረቤት ደሴት ላይ ቢሰፍር እንኳ አባቱ ያረፈበት ቀዬ ላይ ጎጆ አይቀልስም። ለማፈናቀል 5 ዓመት በቃ፤ ለመመለስ ግን 50 ዓመትም አልበቃ። እዚያ የተወለዱት ደግሞ አንድ በአንድ በሰው አገር አፈር እየለበሱ ነው።