የወሎ እሬት (አሎ ወሎኤንሲስ)

የደረቀ የዕፅ ናሙና፤ ቅጠልና የአበባ ዘንግ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ። መገኛ፦ ወሎ። ዝርያው በሳይንስ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ.።

ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበውን መራራ ፈሳሽ የአካባቢው ሰው ለቁስልና ለወባ ይጠቀምበታል። ዝርያውን ኪው ቡለቲን በተባለው የዕፅዋት ጥናት መጽሔት ያስተዋወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በዚያው ጽሑፍ ሌሎች 3 የአገራችን እሬቶችም ተሰይመዋል።

እንደ እሬት ያለ ውኃ ያዘለ ቅጠል ለናሙና እንዲሁ ቢጫኑት ይበሰብሳል። ስለዚህ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይፋቃል፣ ልጣጩ ብቻ በጋዜጣ መሀል ይደርቃል። በጠርዙ ያሉትን እሾሆች ልብ ይበሉ። የአበባው ቀለም ግን ስለሚደበዝዝ ሰብሳቢው እዚያው ተክሉ ሥር ቆሞ በማስታወሻው ያሰፍረዋል፤ ያለዚያ ማስታወሻ ናሙናው ብዙም አይጠቅምም።