ዛንዚባር፦ የድንጋይ ከተማና ስማቸው ያልተጠራ እናቶች

የወደብ ከተማ የታሪክ መዝገብ ነው፤ ገጾቹም በእግር ይነበባሉ። ከታንዛኒያ ጠረፍ ማዶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የዛንዚባር ደሴት «የድንጋይ ከተማ» የሚባል ጥንታዊ ሰፈር አላት። በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ይህን ሰፈር አንድ ጎብኚ ከአስጎብኚ ጋር ማለዳ ቢነሣ እስከ ምሽት በእግሩ ሊያዳርሰው ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉብኝቱ ዐይንን ያረካል። ይሁን እንጂ ታሪክን ለሚያስተምርና በኪነ ጥበብ ለሚተረጉም ሰው የዐይን እርካታ ብቻውን አይበቃም። አስጎብኚው የሚያሳየን ምንድን ነው? ሳያሳየን የሚያልፈውስ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ከተማይቱን ይዞራል።

ጉዞው የሚጀምረው ፎሮዳኒ ከተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ነው። ጎብኚው ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ይቆማል፤ የከተማይቱ ሀብት የመጣው ከዚያ ነውና። ባለ ሸራ ጀልባዎች ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ወቅታዊ ነፋስ ከዐረብና ከሕንድ ጠረፎች ይመጡ፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ተጭነው ይመለሱ ነበር። ጭነታቸው የዝሆን ጥርስ፣ ቅርንፉድና ሰው ነበር። የዑማኑ ገዥ ሰዒድ ቢን ሡልጣን በ1840 ገደማ መናገሻውን ከዐረብ ምድር ወደዚህች ደሴት ሲያዛውር የቅርንፉድ እርሻ ተስፋፋ። ቅርንፉዱን የሚተክለው፣ የሚለቅመውና የሚያደርቀው የባሪያ ጉልበት ስለነበር እርሻው በሰፋ ቁጥር የባሪያ ፈንጋዩ ገበያም ደራ።

ከመናፈሻው ፊት ለፊት አሮጌው ምሽግ ቆሟል። ዑማኖች በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፖርቱጋሎችን ካባረሩ በኋላ የሠሩት ነው። መድፍ ይጠመድበት የነበረው ይህ ግቢ ዛሬ ሙዚቃና ትርኢት የሚቀርብበት መድረክ ሆኗል። የጦር ግንብ ለኪነት ሲለቀቅ ማየት ደስ ያሰኛል።

ቀጥሎ የሚገኘው ቤት አል አጃይብ፣ ማለትም የድንቅ ቤት፣ ነው። ሡልጣን ባርጋሽ ቢን ሰዒድ በ1883 ያሠራው ይህ ሰፊ ሰገነት ያለው ሕንፃ በዘመኑ የኤሌክትሪክ መብራቱ ብርቅ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ኦገስት 27 ቀን፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያልፈቀዱት ልዑል በዙፋን በመቀመጡ የቤተ መንግሥቱን ሰፈር በመድፍ ሲደበድቡ፣ የድንቅ ቤት ከጥፋቱ ተርፏል። ውጊያው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ስለነበር አስጎብኚዎች «በዓለም አጭሩ ጦርነት» እያሉ በፈገግታ ያወሩታል። በዚያች አጭር ጊዜ የሞቱትና የቆሰሉት የሡልጣኑ ወገኖች ግን አምስት መቶ ያህል ነበሩ። ጊዜ ደግሞ በተራው የድንቅ ቤትን ጎዳው፤ በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋ።

ሐበሻ ጎብኚ በዚህ ሕንፃ ጥላ ሥር ቆም ሊል ይገባዋል። ባርጋሽ የአንዲት ሐበሻ ዕቁባት ልጅ ነበርና። የባርጋሽ እኅት ልዕልት ሳልሜ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ የአባቷን ግቢ ስትገልጽ ከሰርካሲያና ከሐበሻ የመጡ ዕቁባቶች በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ እንደነበር ትነግረናለች። ሰርካሲያዎቹ ራሳቸውን ከፍ አድርገው ስለሚያዩ ከሐበሾቹ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብን ይጸየፉ ነበር። ሁሉም የተገዙ ሴቶች ሆነው ሳለ ባርነት በመካከላቸው ሌላ ደረጃ ሠርቶ ነበር። ከጌታዋ የወለደች ዕቁባት ልጇ ነጻ ሆኖ ይወለዳል፤ ዙፋንም ይወርሳል። እርስዋ ግን ነጻ የምትሆነው ጌታዋ ሲሞት ነው። አስጎብኚው የባርጋሽን ስም፣ የሕንፃውን ከፍታና የበሮቹን ውበት ዘርዝሮ ይነግራል። እናቲቱን አይጠራትም።

ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች ይጀምራሉ። ቤቶቹ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ በመሆናቸው እርጥበት ይበላቸዋል፤ ያልተጠገነው ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። የከተማይቱ ኩራት የሆኑት የእንጨት በሮች ግን በአበባና በሐረግ ቅርጽ ተፈልፍለው፣ አንዳንዶቹም የነሐስ ጉጥ ተመትቶባቸው እስካሁን ያምራሉ። በሩ የባለቤቱን ሀብትና ማዕረግ ለመንገደኛው የሚያውጅ ነበር። የጠራቢውን እጅ እናደንቃለን፤ የበሩ ዋጋ ከየትኛው ንግድ እንደተከፈለም እንጠይቃለን።

ከቀትር በኋላ ጉዞው ምኩናዚኒ ከተባለው ሰፈር ይደርሳል። የባሪያ ገበያው የነበረው እዚህ ነው። ባርጋሽ በ1873 ዓ.ም. ጁን 5 ቀን ገበያውን የሚዘጋውን ውል ፈረመ፤ የፈረመውም የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን እንከብባለን ብለው ስላስገደዱት ነው። የሐበሻ እናት ልጅ የሰው ገበያን የዘጋው በባዕድ መድፍ ሥር ሆኖ መሆኑ ከታሪክ መራራ ምጸቶች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በገበያው ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል መሠረት ተጣለ። መሠዊያው የቆመው ባሪያዎች ይገረፉበት በነበረው ዛፍ ስፍራ ነው ይባላል።

ከካቴድራሉ አጠገብ፣ በቀድሞ የሚሲዮን ሕንፃ ሥር፣ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉ። ጎብኚው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ሰንሰለት ይታያል፤ ጨለማው ያፍናል። ለሽያጭ የቀረቡት ሰዎች የታጎሩት እዚህ ነው ተብሎ ይነገረዋል፤ ብዙዎች ዕንባ እየተናነቃቸው ይወጣሉ። ነገር ግን የዛንዚባርን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ሕንፃው የተሠራው ገበያው ከተዘጋ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ለሕክምና አገልግሎት እንደሆነ፣ ክፍሎቹም ዕቃና መድኃኒት ማከማቻ እንደነበሩ ያስረዳሉ።

ይህን ሲሰማ «ዕንባው እውነተኛ ከሆነ የክፍሉ ነገር ምን ያስጨንቃል?» የሚል አይጠፋም። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ግን ጉዳዩ ያስጨንቃል። በመድረክ ላይ ወኅኒ ሲሠራ ተመልካቹ ሸራና ጣውላ መሆኑን ዐውቆ ይገባል፤ በዚያ ስምምነት ላይ ቆሞ እውነትን ይቀበላል። እዚህ ግን ጎብኚው መድረክ ላይ መሆኑን የነገረው የለም። ባርነት በማስረጃ የሞላ ግፍ ሆኖ ሳለ አንድ ሐሰተኛ ማስረጃ ሲጨመርበት ግፉን ለሚክዱ ሰዎች መከራከሪያ ይሆናል። እውነቱ እርዳታ አያስፈልገውም።

የዚህ ተቃራኒ ከክፍሎቹ ጥቂት እርምጃ ላይ ይገኛል። ስዊድናዊቷ ቀራጺ ክላራ ሶርናስ በ1998 የሠራችው ሐውልት አምስት የድንጋይ ሰዎችን ጉድጓድ ውስጥ አቁሞ አንገታቸውን በሰንሰለት ያያይዛል። ሐውልቱ ጥበብ መሆኑን አይሰውርም። «እኔ የዚያን ዘመን ቅሪት ነኝ» ሳይል ስለዚያ ዘመን ይመሰክራል። ኪነ ጥበብ ለታሪክ የሚሰጠው አገልግሎት ይህ ነው።

ገበያው ሲዘጋ ባርነት አልተዘጋም። በደሴቲቱ ሕግ የባርነት ሥርዐት የተሻረው በ1897 ነው፤ በዚያም አዋጅ ዕቁባቶች ሳይካተቱ ቀርተዋል። ለእነርሱ ነጻነት የታወጀው በ1909፣ ገበያው ከተዘጋ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ማንም ጎብኚ የሚረግጠው ምድር ቤት፣ የሚዳስሰው ሰንሰለት ስለሌላቸው የእነዚህ ሴቶች ታሪክ በጉብኝቱ መንገድ ላይ ቦታ አላገኘም።

እኛስ ቦታ ሰጥተናቸዋልን? በባሕር ማዶ ገበያ «ሐበሻ» ተብለው የተሸጡት ብዙዎቹ የኦሮሞ፣ የጉራጌ፣ የሲዳማና የሌሎች የደቡብና የምዕራብ ሕዝቦቻችን ልጆች ነበሩ። መንገዳቸው የጀመረው ዛንዚባር አይደለም። በገዛ አገራችን ገበያዎች ተሸጡ፤ በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላና በበርበራ በኩል ባሕር ተሻገሩ። ፈንጋዩ ባዕድ ብቻ አልነበረም። የእኛው ባላባትና የእኛው ነጋዴም ከዋጋው ተካፍሏል። ኢትዮጵያ ባርነትን በቁርጥ የከለከለችው በ1942 ነው። የዛንዚባሩ አስጎብኚ ስለ ሡልጣኑ እናት ዝም ቢል የእርሱ ዝምታ ከእኛ ዝምታ አይበልጥም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጉዞው ወደ ተነሣበት ባሕር ዳር ይመለሳል። ወጣቶች ከግንቡ ላይ ወደ ውኃው እየዘለሉ ይዋኛሉ፤ የጠባሾች ጢስ ይነሣል። የ1964ቱ አብዮት ከሥልጣን ያወረደው የሡልጣኖች ግቢም ቤተ መዘክር ሆኗል። ጌቶቹ በድንጋይ ስማቸውን ጽፈዋል። የተሸጡትን የሚጽፍላቸው ግን መምህሩ በክፍሉ፣ ገጣሚው በስንኙ፣ ተውኔት ጸሐፊው በመድረኩ ነው፤ የማያውቁትን ሳይጨምሩ፣ የሚያውቁትንም ሳይቀንሱ። የአንዲት ሐበሻ እናት ልጅ ባቆመው የድንቅ ቤት ጥላ ሥር የቆመ ሁሉ ይህ ዕዳ አለበት።